ለተማሪዎቻቸው ማየትን ያስተማሩት ፕሮፌሰር ሃይንሪሽ ቮልፍሊን

የሥነ ጥበብ ታሪክ በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ራሱን የቻለ የትምህርት መስክ ሆኖ መሰጠት የጀመረው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፡፡ መስኩ ከመነሻው አንድ ከባድ ችግር ነበረበት፡፡ የሕግ መምህር የሕግ መጽሐፉን፣ የእጽዋት መምህርም ቅጠሉንና አበባውን ይዞ ወደ ክፍል ሊገባ ይችላል፡፡ የሥነ ጥበብ ታሪክ መምህር ግን በሮም የታነጸውን ቤተ ክርስቲያን፣ በፍሎረንስ የቆመውን ሐውልት ወይም በድሬስደን የተሰቀለውን ሥዕል ተሸክሞ ሊመጣ አይችልም፡፡

በዚህም ምክንያት ትምህርቱ ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው በቃል ገለጻ ላይ የተመሠረተ ነበር፡፡ ተማሪው የሠዓሊውን ስም፣ የተወለደበትንና የሞተበትን ዓመት፣ ሥራውን ያሠራውን ባለጸጋ ወይም ጳጳስ በማስታወሻው ላይ ያሰፍራል፡፡ የሥራውን ቅጂ የማየት ዕድል ቢያገኝ እንኳ ከእጅ ወደ እጅ በሚዘዋወር የመዳብ ኅትመት ወይም በአንዲት አነስተኛ ፎቶግራፍ ይሆናል፡፡ ስለ ሥዕል ብዙ የሚያውቅ፣ ሥዕልን ማየት ግን ያልተማረ ምሩቅ መፍራቱ የማይቀር ነበር፡፡

ይህን ችግር ከልብ በመያዝ ለመፍትሔው ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሠሩት ምሁራን መካከል በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሱት ስዊዘርላንዳዊው ፕሮፌሰር ሃይንሪሽ ቮልፍሊን ናቸው፡፡ ሁለት ሥዕሎችን ጎን ለጎን በግድግዳ ላይ በማብራትና በማነጻጸር ማስተማር በመላው ዓለም የተለመደ የሥነ ጥበብ ታሪክ የማስተማሪያ ስልት የሆነው በዋናነት በእርሳቸው ተጽዕኖ ነው፡፡ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ሃይንሪሽ ቮልፍሊን ሰኔ 21 ቀን 1864 በስዊዘርላንድ ቪንተርቱር ከተማ ተወለዱ፡፡ አባታቸው ኤድዋርድ ቮልፍሊን የታወቁ የላቲን ቋንቋ ሊቅ ሲሆኑ፣ የላቲንን ቃላት በሙሉ ከነአገባባቸው ለመሰብሰብ በሙኒክ ለተጀመረውና እስከ ዛሬም ተሠርቶ ላላለቀው ታላቅ መዝገበ ቃላት መሠረት ከጣሉት ምሁራን አንዱ ነበሩ፡፡ ልጅየው ያደጉት እያንዳንዱ ቃል በጥንቃቄ በሚመረመርበት፣ አንዱ አገባብ ከሌላው ጋር እየተነጻጸረ ልዩነቱ በሚመዘገብበት ቤት ነው፡፡ ይህ የአባት ልማድ ከጊዜ በኋላ በልጅየው እጅ ከቃላት ወደ ሥዕሎች መሻገሩን ለመገንዘብ አያዳግትም፡፡

ወጣቱ ቮልፍሊን የዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን በባዝል፣ በበርሊንና በሙኒክ ተከታትለዋል፡፡ በመጀመሪያ ዝንባሌያቸው ወደ ፍልስፍና ነበር፡፡ በበርሊን የታሪክና የሰብዓዊ ጥናቶችን መሠረት ከመረመረው ከፈላስፋው ቪልሄልም ዲልታይ ትምህርት ተካፍለዋል፡፡ አቅጣጫቸውን የወሰነላቸው ግን በባዝል ያገኟቸው መምህር ያኮብ ቡርክሃርት ናቸው፡፡ ቡርክሃርት በ1860 ባሳተሙት የኢጣሊያን የህዳሴ ዘመን ሥልጣኔ በሚመለከተው መጽሐፋቸው በመላው አውሮፓ የታወቁ የታሪክ ሊቅ ሲሆኑ፣ ወደ ክፍል የሚሄዱትም ፎቶግራፎችና ኅትመቶች የታጨቁበትን ትልቅ ማኅደር በብብታቸው ይዘው ነበር፡፡ ማኅደራቸውን ይዘው በባዝል ካቴድራል አደባባይ ሲያልፉ የሚያሳየው ፎቶግራፍ ዛሬም በብዙ መጻሕፍት ላይ ይታያል፡፡

ቮልፍሊን የዶክትሬት ማሟያ ጽሑፋቸውን ለሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት በ1886 በሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው፡፡ ጽሑፉ የሚመለከተው የሥነ ሕንጻን ሥነ ልቦና ሲሆን፣ ያነሳው ጥያቄም ቀላል የሚመስል ግን ጥልቀት ያለው ነው፡፡ ድንጋይና ጡብ ስሜት የሌላቸው ግዑዝ ነገሮች ሆነው ሳለ አንድ ሕንጻ እንዴት ክብደትን፣ እርጋታን ወይም ጭንቀትን ለተመልካቹ ሊያስተላልፍ ይችላል? የወጣቱ ተመራማሪ መልስ ሰው አካል ያለው በመሆኑ ነው የሚል ነበር፡፡ በራሱ ትከሻ ሸክም የተሸከመ፣ በራሱ እግር ቆሞ ሚዛኑን የጠበቀ ሰው ምሰሶ ጣሪያን ሲሸከም ሲያይ የምሰሶውን ጥረት በገዛ አካሉ ይረዳዋል፡፡ ከዚህ ጽሑፍ ጀምሮ ቮልፍሊን ዋነኛ ትኩረታቸው ከሥራው ጀርባ ያለውን ወሬ ሳይሆን ሥራው ራሱ በተመልካቹ ላይ የሚያደርገውን ነገር መመርመር ሆነ፡፡

ከዶክትሬታቸው በኋላ ወደ ኢጣሊያ በመጓዝ በሮም ቆይታ አደረጉ፡፡ የዚህ ቆይታ ፍሬ የሆነው ስለ ህዳሴ ዘመንና ስለ ባሮክ ዘመን ሥነ ሕንጻ የጻፉት መጽሐፍ በ1888 ለኅትመት በቃ፡፡ በዚያን ጊዜ በብዙ ምሁራን ዘንድ ባሮክ የተበላሸ የህዳሴ ዘመን ጥበብ ተደርጎ ይታይ ነበር፡፡ ቮልፍሊን ግን የሮምን ሕንጻዎች ፊት ለፊት እያነጻጸሩ በመመርመር ባሮክ የራሱ ዓላማና የራሱ ሕግ ያለው ዘይቤ መሆኑን ለማሳየት ጣሩ፡፡ በመጽሐፉ ውስጥ የቀድሞው የንቀት ስሜት ጨርሶ አልጠፋም፤ ይሁንና አንድን ዘመን በሌላው ዘመን መለኪያ መፍረድ እንደማይገባ የሚያስገነዝበው ሐሳብ ከዚያ በኋላ ለተካሄዱት የባሮክ ጥናቶች መንገድ ከፍቷል፡፡

በ1893 መምህራቸው ቡርክሃርት በዕድሜ ምክንያት ሥራቸውን ሲለቁ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው ቮልፍሊን በባዝል ዩኒቨርሲቲ የመምህራቸውን መንበር ተረከቡ፡፡ በባዝል ሳሉም በ1899 ስለ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ፣ ስለ ሚኬላንጀሎ፣ ስለ ራፋኤልና ስለ ዘመነኞቻቸው የሚያወሳውን የኢጣሊያ ክላሲካዊ ጥበብ የተሰኘ መጽሐፋቸውን አሳተሙ፡፡ መጽሐፉ የሠዓሊዎቹን የሕይወት ታሪክ ከመተረክ ይልቅ አንባቢው ሥዕሉን እንዴት ማየት እንዳለበት ደረጃ በደረጃ የሚመራ በመሆኑ ከምሁራን አልፎ በሰፊው ሕዝብ ዘንድ ተነባቢ ሆነ፡፡

የማስተማር ስልታቸው ሙሉ ቅርጹን የያዘው ግን ከ1901 እስከ 1912 ባገለገሉበት በበርሊን ዩኒቨርሲቲ ነው፡፡ በዚያ የተኩት ሄርማን ግሪምን ሲሆን፣ ግሪም በተረት መጽሐፋቸው ከሚታወቁት ወንድማማቾች ከግሪሞች የአንደኛው የቪልሄልም ግሪም ልጅ ናቸው፡፡ በመስታወት ላይ የታተመን ፎቶግራፍ በብርሃን ኃይል ወደ ግድግዳ የሚያንጸባርቀውን የስላይድ ማሳያ መሣሪያ በበርሊን ለሥነ ጥበብ ታሪክ ትምህርት በስፋት የተጠቀሙትና ጥቅሙን በጽሑፍ ያስተዋወቁት ግሪም ነበሩ፡፡ ቀደም ሲልም በካርልስሩህ ብሩኖ ማየር የተባሉ መምህር ይህንኑ ለማስፋፋት ሞክረዋል፡፡ ስለዚህ መሣሪያውን ቮልፍሊን አልፈጠሩትም፡፡ የእርሳቸው ድርሻ መሣሪያውን ከማሳያነት ወደ ማሰቢያነት ማሸጋገራቸው ነው፡፡

አንድ ስላይድ ብቻ ሲታይ ተማሪው የሚያየው አንድ ሥዕል ነው፡፡ ማየቱም አብዛኛውን ጊዜ ይህ ምንድን ነው፣ የማን ነው ከሚለው ጥያቄ አያልፍም፡፡ ሁለት ስላይዶች ጎን ለጎን ሲበሩ ግን ዓይን ሳይታዘዝ ከአንዱ ወደ ሌላው መመላለስ ይጀምራል፡፡ በአንደኛው የሰውነት ጠርዝ በመስመር ተለይቶ ሲታይ በሌላኛው ጠርዙ በጥላ ውስጥ ይሟሟል፡፡ በአንደኛው ሰዎቹ በአንድ ረድፍ ሲቆሙ በሌላኛው ከፊት ወደ ኋላ ይገባሉ፡፡ ተማሪው እነዚህን ልዩነቶች ከመምህሩ አፍ ከመስማቱ በፊት በገዛ ዓይኑ ያገኛቸዋል፡፡ ጥንዱ በትክክል ከተመረጠ ጥያቄውን የሚያቀርበው መምህሩ ሳይሆን ሥዕሎቹ ራሳቸው ይሆናሉ፡፡

የቀድሞ ተማሪያቸው ፍራንዝ ላንድስበርገር በ1924 ስለ መምህራቸው ባሳተሙት መጽሐፍ የትምህርቱን ሁኔታ ገልጸውታል፡፡ በእርሳቸው ገለጻ መሠረት ቮልፍሊን እንደ ሌሎች መምህራን ከፍ ካለ ስፍራ ሆነው ወደ ተማሪዎቹ አይናገሩም፡፡ አዳራሹ ሲጨልም እንደ አንድ ተመልካች ከአድማጮቻቸው ጎን ቆመው እንደ እነርሱ ሥዕሉን ይመለከታሉ፡፡ ሥዕሉ ከበራ በኋላ ወዲያው አይናገሩም፤ በጸጥታ ይቆያሉ፡፡ ከዚያም ቃላቱ አንድ በአንድ፣ ከሥዕሉ የተወለዱ እስኪመስሉ ድረስ በእርጋታ ይወጣሉ፡፡ ያ ዝምታ የትምህርቱ አካል ነበር፡፡ ለተማሪው ዓይን ጊዜ ይሰጣልና፡፡

በዚህም የተነሳ የበርሊን ትምህርታቸው ከመደበኛ ተማሪዎች ባሻገር በርካታ የከተማ ነዋሪዎችን ይስብ ጀመር፡፡ በ1911ም በፕሩሺያ የሳይንስ አካዳሚ አባልነት የተመረጡ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር በአካዳሚው ስለ ዘይቤ ችግር ያቀረቡት ንግግር ከጊዜ በኋላ ለተወለደው ዋና መጽሐፋቸው መንደርደሪያ ሆኗል፡፡

ፕሮፌሰሩ በመሣሪያው ኃይል ቢተማመኑም ጉዳቱንም ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፡፡ በ1896 እና በ1897 ቅርጻ ቅርጽ እንዴት ፎቶግራፍ መነሳት እንዳለበት የሚያስረዱ ጽሑፎችን አቅርበዋል፤ በ1915ም ወደ ጉዳዩ ተመልሰውበታል፡፡ በጊዜው የነበሩ ፎቶግራፍ አንሺዎች ለሥራቸው ማራኪነት ለመጨመር ሐውልቶችን ከጎን፣ በሰያፍ ያነሷቸው ነበር፡፡ ቮልፍሊን ይህን አጥብቀው ተቃወሙ፡፡ የህዳሴ ዘመን ሐውልት ቀራጺው የወሰነለት ዋና የእይታ አቅጣጫ አለው፤ ከዚያ ፈቀቅ ብሎ የተነሳ ፎቶግራፍ የሥራውን መስመር ይሰብራል፣ እጅን ያሳጥራል፣ ሚዛንን ያዛባል ሲሉ አስረድተዋል፡፡ የቬሮኪዮ ዳዊት የተሰኘውን የነሐስ ሐውልት በምሳሌነት በማቅረብም አንዱና ያው ሥራ ከተገቢው አቅጣጫ ሲነሳና ሳይነሳ ምን ያህል የተለያየ እንደሚመስል አሳይተዋል፡፡

በ1928 ደግሞ በሥዕል ውስጥ ስለ ቀኝና ስለ ግራ አንድ አጭር ጽሑፍ አሳተሙ፡፡ መነሻው በስላይድ ለሚያስተምር ሰው ሁሉ የተለመደ ነገር ነው፡፡ ስላይዱ በስሕተት ተገልብጦ ሲገባ በሥዕሉ ላይ በቀኝ የነበረው ሁሉ ወደ ግራ ይዞራል፡፡ የጎደለ ሰው የለም፣ የተጨመረ ነገር የለም፤ ይሁንና ሥዕሉ ያው ሥዕል አይደለም፡፡ ቮልፍሊን በድሬስደን የሚገኘውን የራፋኤልን የሲክስቱስ ማዶና እና ሬምብራንት በሦስት ዛፎች የተሣለበትን የመልክዓ ምድር ኅትመት ወስደው ተገልብጠው ሲታዩ ምን እንደሚያጡ መረመሩ፡፡ ከታች ግራ ወደ ላይ ቀኝ የሚሄድ ሰያፍ መስመር የሚወጣ ሲመስል፣ ተቃራኒው የሚወርድ ይመስላል፡፡ የሥዕሉ ቀኝ ክፍል ዓይን የሚያርፍበት በመሆኑ የሥራውን የመጨረሻ ስሜት ይወስናል፡፡ ሌላው መምህር ይቅርታ ጠይቆ የሚያልፈው የክፍል ውስጥ እክል በእርሳቸው እጅ የምርምር ርዕስ ሆነ፡፡

ቮልፍሊን ከበርሊን በኋላ ከ1912 ጀምሮ በሙኒክ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል፡፡ ዋና ሥራቸው የሚባለው የሥነ ጥበብ ታሪክ መሠረታዊ ጽንሰ ሐሳቦች የተሰኘው መጽሐፍም በዚያው ከተማ በ1915፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት በተፋፋመበት ወቅት ታተመ፡፡

መጽሐፉ የሚጀምረው ከጀርመናዊው ሠዓሊ ከሉድቪግ ሪሽተር የሕይወት ትዝታ በተወሰደ ታሪክ ነው፡፡ ሪሽተር በወጣትነታቸው ከሦስት ጓደኞቻቸው ጋር በሮም አቅራቢያ በምትገኘው ቲቮሊ አንድን መልክዓ ምድር ለመሣል ይቀመጣሉ፡፡ አራቱም ከተፈጥሮ በጸጉር ስንጥቅ ታህል እንኳ ላለመራቅ ይስማማሉ፡፡ ሥራቸውን ሲጨርሱ ግን አራት የተለያዩ ሥዕሎች ሆነው ተገኙ፡፡ ከዚህ በመነሳት ቮልፍሊን እያንዳንዱ ሰው በራሱ መንገድ እንደሚያይ፣ ከዚያም አልፎ እያንዳንዱ ዘመን የራሱ የእይታ መንገድ እንዳለው ያትታሉ፡፡ ይህ እውነት ከሆነ የሥነ ጥበብ ታሪክ የሠዓሊዎች የሕይወት ታሪክ ድምር ብቻ ሊሆን አይችልም፤ የማየት ራሱ ታሪክ ሊጻፍ ይገባል ማለት ነው፡፡

ይህንንም ለማከናወን የ16ኛውን መቶ ክፍለ ዘመን ጥበብ ከ17ኛው ጋር በማነጻጸር አምስት ጥንድ ጽንሰ ሐሳቦችን አቀረቡ፡፡ የመጀመሪያው ጥንድ በመስመር የሚለይ አሣሣልና በብርሃንና በጥላ የሚዋሐድ አሣሣል ነው፡፡ ለዚህ የዱረርና የሬምብራንት ሥራዎች ዋነኛ ምሳሌዎች ናቸው፡፡ ሁለተኛው በሥዕሉ ገጽ ላይ የተዘረጋና ወደ ጥልቀት የሚገባ አቀማመጥ ሲሆን፣ ሦስተኛው በራሱ የተዘጋ ቅርጽና ከማዕቀፉ ውጭ የሚቀጥል የሚመስል ክፍት ቅርጽ ነው፡፡ አራተኛው እያንዳንዱ ክፍል ራሱን ችሎ የሚቆምበት ብዝኃነትና ክፍሎቹ ሁሉ ለአንድ ዋና ነገር የሚገዙበት አንድነት ነው፡፡ አምስተኛው ደግሞ ፍጹም ግልጽነትና አንጻራዊ ግልጽነት ናቸው፡፡

ጽንሰ ሐሳቦቹ በንድፈ ሐሳብ ሲነገሩ ደረቅ ይመስላሉ፡፡ በአዳራሹ ውስጥ ግን ሕይወት ነበራቸው፡፡ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በሚላኖ የሣሉት የመጨረሻው እራትና ቲየፖሎ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይተው የሣሉት የመጨረሻው እራት አንድ ታሪክ ይናገራሉ፡፡ በሊዮናርዶ ሥራ ክርስቶስ በመካከል ተቀምጦ፣ ሐዋርያቱ በግራና በቀኝ በሦስት በሦስት ተከፍለው እያንዳንዱ እጅና ፊት ጎልቶ ይታያል፡፡ በቲየፖሎ ሥራ ደግሞ ጠረጴዛው በሰያፍ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከፊሉ ሐዋርያ ለሌላው ተሸፍኖ በጭላንጭል ብቻ ይታያል፤ ክርስቶስም የሚለየው በመካከል ስፍራው ሳይሆን በብርሃኑ ነው፡፡ ተማሪው ሁለቱን ጎን ለጎን ካየ በኋላ የአንድ ዘመን ሠዓሊ ያለ ችሎታ ማነስ የቀደመውን ዘመን ግልጽነት ሆን ብሎ ሊተው እንደሚችል ይረዳል፡፡ ከዚያ በኋላ እድገትና ውድቀት የሚሉትን ቃላት በቀላሉ አይጠቀምም፡፡

መጽሐፉ ካሳተሟቸው ሥራዎች ሁሉ በላይ በዓለም ዙሪያ የተሠራጨ ሲሆን በበርካታ ቋንቋዎች ተተርጉሟል፡፡ ያም ሆኖ ጠንካራ ትችት ያልተለየው ሥራ ነው፡፡ ገና በ1915 ወጣቱ ምሁር ኤርቪን ፓኖፍስኪ ቮልፍሊን በአካዳሚው ባቀረቡት ንግግር ላይ ትችት ጽፈዋል፡፡ የፓኖፍስኪ ክርክር ዓይን ብቻውን አያይም የሚል ነበር፡፡ የሚያየው አእምሮ ነው፤ አእምሮም ሃይማኖት፣ ፍልስፍናና ማኅበራዊ ኑሮ አለው፡፡ ስለዚህ የእይታን መንገድ ከሥራው ትርጉም ነጥሎ ማጥናት አይቻልም፡፡ ፓኖፍስኪ ከጊዜ በኋላ የሥዕሎችን ትርጉም የሚመረምር ሌላ የጥናት መንገድ መሥርተዋል፡፡

ሌላው ተቺ በዚያው ዓመት በሙኒክ የቮልፍሊንን ትምህርት የተከታተለው ጀርመናዊው ጸሐፊ ቫልተር ቤንያሚን ነው፡፡ በርካቶች የተደነቁበት አዳራሽ እርሱን አላረካውም፤ ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤም ቅሬታውን በጠነከረ ሁኔታ ገልጿል፡፡ ይህ ልዩነት ለመምህራን ሁሉ የሚሆን ቁም ነገር አለው፡፡ በጨለማ አዳራሽ ውስጥ የትኛው ሥዕል ከየትኛው ጋር እንደሚቀርብ የሚመርጠው መምህሩ ነው፡፡ ተማሪው በገዛ ዓይኑ ያገኘው የሚመስለው ልዩነት አስቀድሞ የተዘጋጀለት ሊሆን ይችላል፡፡ የማነጻጸር ስልት ተማሪውን ነጻ የማውጣት ኃይል ያለውን ያህል፣ ሳይታወቀው የመምራት ኃይልም አለው፡፡

ስልቱ ሌሎች ገደቦችም ነበሩበት፡፡ በዘመኑ የነበሩት ስላይዶች በጥቁርና ነጭ የተዘጋጁ ስለሆኑ የመስመር፣ የቅርጽና የብርሃን ልዩነት ጎልቶ ሲወጣ የቀለም ጉዳይ ወደ ኋላ ይቀራል፡፡ የ1 ሜትር ሥዕልና የ10 ሜትር ሥዕልም በግድግዳው ላይ እኩል ሆነው ይታያሉ፡፡ የምርምራቸው ክልል በዋነኛነት የኢጣሊያን፣ የጀርመንንና የኔዘርላንድስን አካባቢ ጥበብ የሚመለከት ሲሆን የአፍሪካና የእስያ ጥበብ በጽንሰ ሐሳቦቻቸው ውስጥ ቦታ አላገኘም፡፡ በ1931 ባሳተሙት የኢጣሊያንና የጀርመንን የቅርጽ ስሜት በሚያነጻጽረው መጽሐፋቸው ደግሞ ዘይቤን ከሕዝቦች ባሕርይ ጋር ማያያዛቸው ከኋላ በመጡ ምሁራን ዘንድ ተነቅፏል፡፡

ቮልፍሊን ትችቱን በዝምታ አላለፉትም፡፡ በ1933 ጽንሰ ሐሳቦቻቸውን እንደገና የሚያዩበት ጽሑፍ አሳተሙ፡፡ የእይታ መንገድ የራሱ የውስጥ እድገት አለው የሚለውን ዋና ሐሳባቸውን ባይለቁም፣ ይህ እድገት ከዘመኑ ጠቅላላ መንፈስ ጋር ስላለው ግንኙነት ማብራሪያ ሰጡ፡፡

ስለ ማስተማር የነበራቸው እምነት ጎልቶ የሚታየው በ1921 ባሳተሙት አነስተኛ መጽሐፍ ሲሆን፣ መጽሐፉ የጥበብ ሥራን እንዴት ማስረዳት እንደሚገባ የሚያትት ነው፡፡ ማየት በተፈጥሮ ለሁሉም እኩል የተሰጠ ነገር እንዳልሆነ፣ እንደ ማንበብ ሁሉ በልምምድ የሚገኝ ችሎታ መሆኑን ያስገነዝባል፡፡ ሥራው የየትኛው ሰንሰለት አካል እንደሆነ የማያውቅ ሰው ስለ አንዱ ሥራ በሚገባ ሊናገር አይችልም፡፡ በሌላ በኩል ስሞችንና ዓመታትን ብቻ የሰበሰበ ሰው የሥነ ጥበብ ታሪክን ተማረ አይባልም፡፡ ቮልፍሊን በሥነ ጥበብ ታሪክ ስም ስለሚደርሰው የተሳሳተ ትምህርት ቀደም ሲል በ1909 የጻፉ ሲሆን፣ ለአርባ ዓመታት ያህል የደከሙትም ይህንኑ ለማቃናት ነበር፡፡

በ1924 ወደ ትውልድ አገራቸው በመመለስ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ፡፡ በ1934 ሰባ ዓመት ሲሞላቸው ከማስተማር ሥራቸው ተሰናበቱ፡፡ ትዳር ያልመሠረቱት ፕሮፌሰር ሕይወታቸው በሥራቸው የተሞላ ነበር፡፡ አጫጭር ጽሑፎቻቸውን የያዘ መድበላቸውም በሰባዎቹ ዕድሜያቸው መጨረሻ ላይ ሳሉ ታትሟል፡፡

የመጨረሻዎቹ ዓመታት ለአውሮፓ የሥነ ጥበብ ታሪክ ጥናት ከባድ ነበሩ፡፡ የናዚ መንግሥት በ1933 ሥልጣን እንደያዘ አይሁዳውያን ምሁራን ከዩኒቨርሲቲዎች ተባረሩ፡፡ የቮልፍሊን ተቺ የነበሩት ፓኖፍስኪም፣ በሙኒክ ረዳታቸው የነበሩት ፓውል ፍራንክልም ሥራቸውን አጥተው በመጨረሻ በአሜሪካ ኑሯቸውን መሠረቱ፡፡ በእርሳቸው ዘንድ ዶክትሬታቸውን የሠሩት ያኮብ ሮዘንበርግ ወደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ፡፡ ሌላው ተማሪያቸው ስዊዘርላንዳዊው ሲግፍሪድ ጊዲዮን በሃርቫርድ የሰጧቸው ተከታታይ ትምህርቶች በ1941 የዘመናዊ ሥነ ሕንጻን ታሪክ በሚተርክ መጽሐፍ ታትመው ለብዙ የሥነ ሕንጻ ተማሪዎች መማሪያ ሆነዋል፡፡ በበርሊንና በሙኒክ የዳበረው በሁለት ሥዕል የማስተማር ስልት ወደ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ይበልጥ እንዲሠርጽ የእነዚህ ምሁራን ስደት አስተዋጽኦ አድርጓል፡፡

ፕሮፌሰር ሃይንሪሽ ቮልፍሊን ሐምሌ 19 ቀን 1945፣ በአውሮፓ የነበረው ጦርነት ባበቃ በሦስተኛው ወር፣ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው በዙሪክ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ፡፡ ደብዳቤዎቻቸውና ማስታወሻዎቻቸው በባዝል ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የሚገኙ ሲሆን፣ ከፊሉም በተማሪያቸው በዮሴፍ ጋንትነር አዘጋጅነት በ1982 ታትሟል፡፡ ዋና መጽሐፋቸው የወጣበትን መቶኛ ዓመት ምክንያት በማድረግም በ2015 አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም በአሜሪካ በጌቲ የምርምር ተቋም ለንባብ በቅቷል፡፡

ፕሮፌሰሩ የተጠቀሙበት የመስታወት ስላይድ ዛሬ ታሪክ ሆኗል፡፡ እርሱን የተካው የፊልም ስላይድ ማሳያም ቢሆን ኮዳክ ኩባንያ በ2004 ማምረቱን አቁሟል፡፡ ዛሬ መምህሩ ሥዕሎቹን የሚያሳየው በኮምፒውተር ነው፡፡ ቀለሙ የተሟላ ነው፤ ተማሪውም በእጅ ስልኩ ከሺህ በላይ ሥዕሎችን በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊያይ ይችላል፡፡ ሁለቱ ሥዕሎች ግን አሁንም በብዙ የመማሪያ ክፍሎች ጎን ለጎን ይቀርባሉ፡፡

ከፕሮፌሰር ቮልፍሊን የማስተማር ሕይወት የሚገኘው ትምህርት ለሠዓሊዎችና ለሥነ ጥበብ ምሁራን ብቻ የተወሰነ አይደለም፡፡ ቅርስን የሚመዘግብ ባለሙያ ፎቶግራፉን ከየት አቅጣጫ እንዳነሳው ሊጠየቅ ይገባዋል፤ አቅጣጫው የቅርሱን መልክ ይወስናልና፡፡ ሙዚየም የሚያደራጅ ሰው የትኛውን ዕቃ ከየትኛው አጠገብ እንዳስቀመጠ ሊያስብበት ያስፈልጋል፤ ጎረቤቱ የዕቃውን ትርጉም ይለውጣልና፡፡ ሥርዓተ ትምህርት የሚያዘጋጅ ኃላፊም ተማሪው ምን ያህል ስሞችን እንዳወቀ ብቻ ሳይሆን በፊቱ የቀረበውን ነገር በትዕግሥት አይቶ ልዩነቱን በራሱ ቃል ለመግለጽ መቻሉን ሊመዝን ይገባል፡፡ ፕሮፌሰሩ ከአዳራሹ ጨለማ ውስጥ ቆመው ለመናገር ሳይቸኩሉ ይጠብቁ የነበሩትም ተማሪው በመጀመሪያ በራሱ ዓይን እንዲያይ ነው፡፡